2147483647 የማን ስልክ ነው?

የጅምላዋ ልጅ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ፣ አጎቴ ጅምላ ማከፋፈያ ውስጥ ነው የምሠራው። ዘይት፣ ስኳር፣ ፓስታ፣ ሳሙና እናከፋፍላለን። የዱቤውም የደንበኞች ስልክም መዝገብ በእኔ እጅ ነው። አምና አንድ ልጅ ሶፍትዌር ሠራልን። ብሩን ተቀበለ፣ ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሳም። እሱን ተዉት።

ትናንት ዱቤ ያለባቸውን ልደውልላቸው ብዬ መዝገቡን ስከፍት የብዙዎቹ ስልክ አንድ ሆኖ ጠበቀኝ። የባቲው ባለሱቅ፣ 2147483647። የከሚሴዋ እትዬ፣ 2147483647። የሐርቡው፣ የደጋኑ፣ የሐይቁም ያው። የተቀሩት ላይ ቁጥሩ አለ፣ የፊቷ ዜሮ ግን የለችም። በ9 ይጀምራል።

አጎቴ «ሌባ ገብቶ የራሱን ስልክ ሞልቶበት ነው፣ ዕዳችንን ሊሰበስብልን» ብሎ ተነሣ። እኔም ደወልኩበት። ትክክለኛ ቁጥር አይደለም ነው መልሱ። ጉግል ሳደርገው ደግሞ የሚመጣው ሁሉ የሒሳብ ነገር ነው። ፕራይም፣ ኦይለር፣ ምናምን።

ስንት ቢሊዮን ቁጥር እያለ ለምን ይኼ? ምን የተለየ ነገር አለው? ስልኮቹንስ መመለስ ይቻላል? ትምህርት ቤት እያለሁ ሒሳብ አልፈራም ነበር። ቀለል አድርጋችሁ፣ ግን ሳትደብቁኝ አስረዱኝ።


ሐረጎ ቁልቁለት

ባለዕዳው ሁሉ አንድ ስልክ ካለው ሥራ ቀለለልሽ በይኛ። አንድ ጊዜ መደወል ነው 😂


ኮድ በጀበና

አብሽሪ እህት፣ ሌባ የለም። ያ ልጅ የስልኩን ዓምድ ዳታቤዙ ላይ «ኢንት» ብሎ ከፍቶታል። ኢንት 32 ቢት ያለው ሙሉ ቁጥር ነው፤ ቢት ማለት 0 ወይም 1 የምትቀመጥባት አንድ ቦታ ናት። አንዷ ቢት ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ትሄዳለች፣ 31 ይቀራል። በ31ዱም ቦታ ላይ 1 ሲቀመጥ የሚገኘው 2,147,483,647 ነው። ከዚያ በላይ ቦታ የለም።

አሁን ስልኮቹን እዪ። 09 ተብለው የተጻፉት ዜሮዋ ወድቃ ዘጠኝ መቶ ሚሊዮን ምናምን ሆኑ። ከጣሪያው በታች ስለሆኑ ተረፉ። በ251 የሚጀምሩት ግን 12 አሃዝ ናቸው፣ 251 ቢሊዮን ምናምን። ማይኤስኪውኤል (ዳታቤዙን የሚይዘው ፕሮግራም) «ስትሪክት ሞድ» የሚሉት ነገር ሲጠፋበት እንዲህ ያለውን ቁጥር አልቀበልም አይልም። ጣሪያው ላይ ቆርጦ ያስቀምጠዋል። ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፣ ግን ማን ያነበዋል? በፈረንጆቹ 2015 ከወጣው 5.7 ወዲህ ሲጫን ጥብቅ ሆኖ ነው የሚመጣው። የእናንተ ወይ አሮጌ ነው፣ ወይ ልጁ አጥፍቶታል።

ዓምዱን «ቫርቻር» አድርጊው። ስልክ አይደመር፣ አይባዛ፤ ጽሑፍ ነው። የተቆረጡት ግን ከዳታቤዙ አይመለሱም። ሌላ ቦታ ከተጻፉ ከዚያ እንደገና ማስገባት ነው።


የጅምላዋ ልጅ

251ዎቹ ከስልኬ የተገለበጡት ናቸው፣ አሁን ገባኝ። ስልኬ ላይ ስላሉ እመልሳቸዋለሁ። ግን የቁጥሩ ነገር አልወጣልኝም። ጣሪያ መሆኑን አወቅኩ። ፕራይም መሆኑስ? ኮምፒውተር ፕራይም ይመርጣል እንዴ?


ጡረተኛው መምህር (ደሴ)

ልጄ፣ እዚህ ሆጤ ጉም ወርዶ መውጫ የለም፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። ሒሳብ ሳስተምር ነው የሸበትኩት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው ከጠየቀኝ ቆይቷል።

ኮምፒውተር ፕራይም አይመርጥም። ጣሪያው ፕራይም ሆኖ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። 31 ሁለቶችን ታባዢና 1 ትቀንሻለሽ። 2^31 − 1 ብለን እንጽፈዋለን። ባለ 8 ቢቱ ጣሪያ 2^7 − 1 ነው፣ 127። እሱም ፕራይም ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም። ባለ 16 ቢቱ ግን 32,767 ነው፣ እሱም 7 × 31 × 151። ዛሬ ስልክሽ የሚጠቀምበት ባለ 64 ቢቱ ጣሪያ 9,223,372,036,854,775,807 ደግሞ ለ7 ሁለት ጊዜ ይካፈላል። ለ73ም፣ ለ127ም ይካፈላል።

ሚስጥሩ ያለው ከላይ በተጻፈችው ትንሽ ቁጥር፣ በርቢዋ ላይ ነው። 15 ማለት 3 × 5 ነው። 63 ማለት 7 × 9 ነው። ርቢው ሲከፋፈል ትልቁም ቁጥር አብሮ ይከፋፈላል። 2^7 − 1 እና 2^9 − 1 ሁለቱም 2^63 − 1ን ያለ ቀሪ ያካፍሉታል። የአንቺ ቁጥር ርቢ 31 ነው። 31 አይከፋፈልም። ስለዚህ በዚህ በር የሚገባበት የለም።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ይቸኩሉ ነበር። «ርቢው ፕራይም ከሆነ ቁጥሩም ፕራይም ነዋ!» እኔም 2^11 − 1 እሰጣቸዋለሁ። 2047። 11 ፕራይም ነው፣ 2047 ግን 23 × 89 ነው። ጣሊያናዊው ካታልዲም በዚሁ ተሰናክሏል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ 2^17 − 1 እና 2^19 − 1 ፕራይም መሆናቸውን በእጁ አካፍሎ አረጋገጠ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ከዚያ ግን 23፣ 29፣ 31 እና 37ም ፕራይም ይሰጣሉ ብሎ ጨመረ። ከአራቱ የሠራችው 31 ብቻ ናት። ፈረንሳዊው መነኩሴ ሜርሰን በ1644 የራሱን ዝርዝር አወጣ። 31 አለችበት፣ ማስረጃ ግን የለውም። ዝርዝሩ ውስጥ የተሳሳቱም የተዘለሉም አሉ። እንዲያም ሆኖ ዓለም እነዚህን ቁጥሮች «የሜርሰን ፕራይም» ነው የሚላቸው። እኔ ካታልዲ ተበድሏል ባይ ነኝ።

ማስረጃው የመጣው በ1772 ነው። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ከሴንት ፒተርስበርግ ለዳንኤል በርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ ላይ። ሰውየው 65 ዓመቱ ነው። ዓይኑ ጠፍቷል ማለት ይቻላል፣ የሚጽፉለት ሌሎች ናቸው። በዚያ ዓመት ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ወጥቶ ስናር፣ ሱዳን ላይ ነበር። ደሴ እንደ ከተማ ለመቆርቆር መቶ ዓመት ያህል ይቀራታል። እንደ ዛሬው ያለ ካልኩሌተር የለም።

አሁን ልብ በይ፣ ዋናው ነገር እዚህ ነው። አንድ ቁጥር ፕራይም መሆኑን ለማየት እስከ ስኩዌር ሩቱ ድረስ ያሉትን ፕራይሞች መሞከር ይበቃል። የአንቺ ቁጥር ስኩዌር ሩት ከ46,340 ትንሽ ይበልጣል። ከዚያ በታች ከ4,700 በላይ ፕራይሞች አሉ። አንድ በአንድ ማካፈል ይቻላል፣ ግን ዕድሜ ይበላል። ኦይለር ሁለት ወንፊት ተጠቀመ።

አንደኛው ወንፊት ፈርማ ከሚባል ፈረንሳዊ የሒሳብ ሰው የመጣ ነው። አንድ ፕራይም 2^31 − 1ን የሚያካፍል ከሆነ፣ ከዚያ ፕራይም ላይ 1 ስትቀንሺ የሚቀረው ለ31 መካፈል አለበት። ፕራይሙ ጎዶሎ ስለሆነ ደግሞ ለ62። ስለዚህ እጩዎቹ 63፣ 125፣ 187፣ 249 እያሉ በ62 ይዘልላሉ። መሐል ያለው ሁሉ ሳይነካ ወደቀ።

ሁለተኛው ወንፊት፦ እጩው ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 መሆን አለበት። 3 ወይም 5 ከሆነ አይሆንም። ሁለቱን ስታጣምሪ የሚያልፉት ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 የሚተርፋቸው ብቻ ናቸው። 46,340ን ለ248 አካፍዪው፣ 186 ምናምን ይመጣል። በየዙሩ ሁለት እጩ፣ 186 ጊዜ። 372። (63 ራሱ መጀመሪያ ላይ ብቻውን ይቀራል፣ ግን እሱ 7 × 9 ስለሆነ አይቆጠርም።) ያ ሁሉ ሺህ ወደ 372 ወረደ።

ማመን ካቃተሽ በትንሹ ሞክሪው። 2^13 − 1 ውሰጂ፣ 8191። ስኩዌር ሩቱ 90 ምናምን ነው። እጩዎቹ በ26 ይዘልላሉ፦ 27፣ 53፣ 79። ለ8 ስታካፍያቸው 27 ቀሪው 3፣ ውጪ። 53 ቀሪው 5፣ ውጪ። 79 ቀሪው 7፣ አለፈ። እንግዲህ የቀረሽ አንድ ማካፈል ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ስሠራ ከኋላ ወንበር የሚተኛው ሁሉ ቀና ይል ነበር። 8191 ፕራይም መሆኑን በአንድ ማካፈል!


የጅምላዋ ልጅ

መምህር እግዜር ይስጥልኝ። መጋዘን በር ላይ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። 79 × 103 = 8137 ነው፣ 54 ይተርፋል። አይካፈልም። 2047ንም በዚሁ ሞከርኩ። በ22 ሲዘልል የመጀመሪያው እጩ 23 ነው፣ ለ8 ቀሪው 7፣ ያልፋል፣ ወዲያው ያካፍለዋል! ደስ ይላል እኮ። አጎቴ የዱቤ ሒሳብ የምሠራ መስሎት ሻይ አዘዘልኝ።

ግን ሰውየው 372ቱንም አካፈላቸው?


ጡረተኛው መምህር (ደሴ)

የለም ልጄ። ከ372ቱ አብዛኞቹ ራሳቸው ፕራይም አይደሉም። 249 ማለት 3 × 83 ነው። 497 ማለት 7 × 71 ነው። 559 ማለት 13 × 43። እነዚህን መሞከር አያስፈልግም። 311 ዓይነቶቹ ናቸው በእውነት የሚካፈሉት፣ እነሱም ከመቶ ያንሳሉ። ለአንድ ሰው የጥቂት ቀን ሥራ ነው።

2047ን በራስሽ መሞከርሽ ግን ሻይ ይገባዋል።


ኪዮት ሦስተኛ ዓመት

መምህር፣ ይቅርታ መሐል ገባሁ። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሶፍትዌር ተማሪ ነኝ። የሉካስና የሌመር ዘዴ ያሉት አለ፣ ማካፈያ እጩ ጭራሽ አይፈልግም። በ4 ትጀምራለህ። ስኩዌር አድርገህ 2 ትቀንሳለህ፣ ከዚያ በምትፈትነው ቁጥር አካፍለህ ቀሪውን ብቻ ትይዛለህ። ይህን ከርቢው በ2 ያነሰ ጊዜ ትደግማለህ። መጨረሻ ላይ 0 ከመጣ ፕራይም ነው፣ ካልመጣ አይደለም።

በ31 (ማለትም 2^5 − 1) ሲታይ፦ 4፣ ከዚያ 14፣ ከዚያ 194 ነው፣ ለ31 ቀሪው 8። 8 ስኩዌር 64፣ ሲቀነስ 2 = 62፣ ለ31 ቀሪው 0። በሦስት እርምጃ አለቀ። ለ2147483647 የሚያስፈልገው 29 እርምጃ ነው። ፓይተን ላይ ጻፍኩት፣ አምስት መስመር አይሞላም፣ ኢንተር ሳልለቅ 0 አለ። ኦይለር ቢያይ ምን ይል ነበር?


ጡረተኛው መምህር (ደሴ)

«ለምን ይሠራል?» ይል ነበር። አንተም እሱን ጠይቅ። ፕሮግራሙ 0 ማለቱ ጥሩ ነው፣ የማስረጃው ጽሑፍ ግን ከአምስት መስመር ይበልጣል፣ ፈልገህ አንብበው።

ሌላም ነገር ልጨምርላችሁ። ይህ ቁጥር ብቻውን አይሄድም። በ2^30 ስታባዙት 2,305,843,008,139,952,128 ይመጣል። ይህ ፍጹም ቁጥር ነው። ከራሱ በቀር ያሉ አካፋዮቹ ሁሉ ሲደመሩ ራሱን ይሰጣሉ። 6ን ውሰዱ፣ 1 + 2 + 3። ቀጥሎ 28፣ 496፣ 8128። የ2147483647 ፍጹም ቁጥር በተራ ስምንተኛው ነው። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው በ1811 ስለዚህ ቁጥር ሲጽፍ፣ ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር ምናልባት መቼም አይገኝም አለ። ምክንያቱ ደግሞ ሒሳብ አይደለም። ጥቅም የሌለው ነገር ስለሆነ ማንም አይደክምበትም ብሎ ነው። ሰውን አላወቀውም። በ2024 የተገኘው ትልቁ ፕራይም 2^136,279,841 − 1 ነው። ሲጻፍ 41,024,320 አሃዝ አለው። የሚበዙት ፈላጊዎች ደመወዝ የሌላቸው ናቸው፣ ኮምፒውተራቸውን ሌሊት ክፍት ትተው የሚተኙ።

አሁን ደግሞ ከቁጥሩ በ1 ዝቅ ብላችሁ ተመልከቱ። 2,147,483,646ን ስትበታትኑት 2 × 3 × 3 × 7 × 11 × 31 × 151 × 331 ነው። ለማንም የሚካፈል ገራገር ቁጥር። መሐሉ ላይ 31 አለች፣ አያችኋት? እሷም የፈርማ ሕግ ናት። 1 ወደ ላይ ስትሄዱ ደግሞ 2,147,483,648 ነው፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ብቻ፣ 31 ጊዜ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው ይኼ የማይነካው የተቀመጠው። እኔ የምወደው ይህን ነው።


ከቧንቧ ውሃ እስከ ዳላስ

የደሴ ልጅ ነኝ፣ አሁን ዳላስ። 214 እኮ የእኛ የስልክ መለያ ነው! ከአሜሪካ ሆኖ 2147483647ን የሚያየው ሰው የዳላስ ስልክ ነው የሚመስለው። እባካችሁ ዓለም ዙሪያ ያለ የተበላሸ ዳታቤዝ ሁሉ ወደ እኛ እንዳይደውል።


ኮድ በጀበና

ከዚህ ቁጥር ጋር ሌላ ቀጠሮም አለን። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት በሰከንድ ነው። ቆጠራው የተጀመረው ጃንዋሪ 1፣ 1970 ነው፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.። ያንን ሰከንድ ባለ 32 ቢት ኢንት ውስጥ የሚያስቀምጡ አሮጌ መሣሪያዎች አሉ። 2,147,483,647ኛው ሰከንድ መቼ እንደሚሞላ ወደ እኛ አቆጣጠር ገለበጥኩት። ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ነው። ጥምቀት! ከማለዳው 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ታቦታቱ ጥምቀተ ባሕር አድረው፣ ሕዝቡ ጠበል ሊረጭ ሲጋፋ።

በሚቀጥለው ሰከንድ ያልታደሰው መሣሪያ ይገለበጣል። እንደ እህታችን ዳታቤዝ ጣሪያው ላይ አይቆምም። እንደ አሮጌ ታክሲ ኪሎሜትር ቆጣሪ ዞሮ ከታች ይጀምራል፣ ያውም ከአሉታዊው ጫፍ። ቀኑ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ይሆናል፣ ምኒልክ ዙፋን ላይ። አዲሶቹ ስልኮችና ኮምፒውተሮች 64 ቢት ስለሆኑ አያሰጋቸውም። የሚያሰጋው ተገጥሞ የተረሳ ነገር ነው፣ ግድግዳ ውስጥ ያለ፣ ፋብሪካ ውስጥ ያለ።


ሐረጎ ቁልቁለት

የእኔ ሚኒባስ ቆጣሪዋ ከተሰበረ ስለቆየ በዚህ ጉዳይ አትነካም።


ኮድ በጀበና

@የጅምላዋ ልጅ ስልኩን ከጨረስሽ የዱቤ ዓምዱንም እዪው። ያ ልጅ ሁሉን ነገር ኢንት ካለው፣ ብሩን ምናልባት በሳንቲም ነው ያስቀመጠው። እንደዚያ ከሆነ ጣሪያው 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም ነው። የአንድ ደንበኛ ዕዳ እዚያ ባይደርስም፣ የዓመቱ ጠቅላላ ሽያጭ ለጅምላ ቤት በቀላሉ ያልፈዋል። ካለፈ ቆርጦ ያስቀራል፣ አይነግርሽም።


የጅምላዋ ልጅ

አሁን አየሁት። በሳንቲም ነው። የአምናው ጠቅላላ ሽያጭ ላይ 2147483647 ተቀምጧል። አጎቴ ይህን ይዞ ነው «ዘንድሮ ገበያው ከአምናው በልጧል ወይስ አንሷል» እያለ ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ሲከራከር የከረመው። ደረሰኞቹን ከካርቶን እያወጣሁ ነው፣ እስከ እሑድ አትፈልጉኝ።